ዘጠና ዘጠኝ ላይ የቆመው መስመር

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በኮሚቴ ይጀመራሉ፤ የሚያልቁት ተራ ተራዎቹ ናቸው። ይህን ያልተረዳ ሰው በችኮላ ይሠራል፣ በችኮላ ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባዋል። ምስጋና ለአመራሩ ይግባና፣ አሁን የምናወራለት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ግራ መጋባት ገጥሞት አያውቅም። እዚያ አንድ የፈቃድ ጥያቄ ከሁለተኛ ፎቅ ተነስቶ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ቢበዛ አራት ወር ቢፈጅበት ነው። ደረጃው ደግሞ ዳገት መሆኑ ይታወቅልን።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ከሁለት ቀን ስልጠና አንድ ቦርሳና አንድ ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። ቦርሳውን ለራሳቸው አስቀሩ፤ ሐሳቡን ለመሥሪያ ቤቱ ሰጡ። «የወረቀት ዘመን አበቃ!» አሉ። ከእንግዲህ የዓመት ፈቃድም ሆነ ዝውውር፣ መልቀቂያም ሆነ ሌላ የሠራተኛ ጥያቄ ሁሉ በኮምፒዩተር ይቀርባል፣ በኮምፒዩተር ይጸድቃል ተባለ። ይህንንም በሦስት ሦስት ቅጂ አስጽፈው በየፎቁ አስለጠፉት።

ሥራው የወደቀው በአንድ ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው ኮምፒዩተሩን ጃቫ በሚባለው ቋንቋ ስለሚያዘው ሠራተኛው ሁሉ «ጃቫ» ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙ የሚገኘው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ጃቫ ሚስቱና የአራት ዓመት ልጁ ሌላ ከተማ ናቸው። ሁለት ዓመት በስልክ ብቻ ባልና አባት ሆኖ ከርሟል። አሁን ግን ቀንቶት እነሱ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ የጎደለው መልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው።

«መልቀቂያማ ምን ችግር አለ!» አሉት ሥራ አስኪያጁ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። «ሲስተሙን አስጀምርልኝ። በጀመረበት ቀን ትለቀቃለህ። ቃሌ ነው።»

ጃቫ ቃል ይዞ ወደ ክፍሉ ሮጠ። ፕሮግራሙን በስድስት ቀን ጻፈው። በሰባተኛው ሊያርፍ ሲል ኮሚቴ ተቋቋመለት።

ኮሚቴው ሰባት አባላት ነበሩት፤ አንዳቸውም ስለ ጃቫ ስለማያውቁ ከአድልዎ የጸዱ ነበሩ። ከውስጥ ስላለው ነገር አልጠየቁም። የጠየቁት ዓይን ስለሚያየው፣ ዊጄት ስለሚባለው ነገር ነው፦ ስለሚጫኑት በተን፣ ስለ መምረጫው ዝርዝር፣ ቀን ስለሚያስመርጠው ካላንደር።

«በተኑ አረንጓዴ ከሆነ ሰው ይደፍራል» አለ አንዱ።

«ቀይ ከሆነ ደግሞ ይፈራል» አለች ሌላዋ።

ከአራት ስብሰባ በኋላ በተኑ ግራጫ እንዲሆን፣ ሲጫኑትም ሳይጫኑትም መልኩ እንዳይለወጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የመልቀቂያ ምክንያት የሚመረጥበት ዝርዝርም ጸደቀ፦ ጡረታ፣ ሕመም፣ ሞት። ሞትን የመረጠ ሠራተኛ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም የሚያስገድድ ማሳሰቢያም ተጨመረበት። ጃቫ ተለማምጦ፣ እግር ስር ወድቆ «ሌላ» የምትል አራተኛ ምርጫ አስገባ።

ሥራ አስኪያጁን ከሁሉ በላይ የማረካቸው ግን መስመሩ ነው። ሥራው ስንት በመቶ እንደደረሰ እያሳየ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሞላው ሰማያዊ መስመር።

«ይሄ መስመር አይቁም» አሉ። «ሥራው ቢቆም እንኳ እሱ ብልጭ ብልጭ ይበል። ተስፋ ነው።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

«ደግሞ መቶ አይድረስ። የመጨረሻው ፊርማ ሳያርፍ መቶ ማለት ትዕቢት ነው። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ጠብቅ በለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ሰምተሃል?»

ጃቫ ሰማ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ሚስቱ በየቀኑ እየደወለች «ዛሬስ?» ትለው ነበር።

በመጨረሻው ስብሰባ አንድ ጉዳይ ተነሣ፤ ጥያቄዎቹን መጀመሪያ ማን ይያቸው? «ኮምፒዩተር ስለሚሳሳት» ሥራ አስኪያጁ ጋ ከመድረሳቸው በፊት የሲስተሙ ባለሙያ ያጽድቃቸው ተባለ። የሲስተሙ ባለሙያ ጃቫ ነው። ጃቫ ነገሩ እንዲቋጭ ቸኩሎ፣ ንጹሕ ሰው መሆኑም እንዲታይለት ፈልጎ፣ እጁን አወጣ።

«እንግዲያው አንድ ነገር እንጨምርበት» አለ። «ማንም ሰው የራሱን ጥያቄ ራሱ አያጽድቅ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁ «ሕሊና ማለት ይሄ ነው!» ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ አስጻፉት። ጃቫም በዚያው ቀን ጠንቅቆ፣ ቀዳዳ ሳይተው ኮምፒዩተሩን አስተማረው። ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ አይፈረድበትም።

የቀረው ፕሮግራሙን ሰርቨሩ ላይ መጫን ነው። ሰርቨሩ ሲስተሙ ሌት ተቀን የሚኖርበት ትልቁ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ እሱ ራሱ የሚኖረው ንብረት ክፍል ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ነው። ላዩ ላይ የነበረው ጃቫ፣ ቋንቋው ማለት ነው፣ ያረጀ ስለነበር በአዲስ መተካት አስፈለገ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ንብረት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆሙበት።

«አሮጌውን መልስ፣ አዲሱን ታስገባለህ። ጎማም ይሁን መጥረጊያ ደንቡ ይኸው ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በእጅ የሚያዝ ነገር አይደለም።»

«በእጅ የማይያዝ ነገር እኔ ዘንድ እንዴት ገባ ታዲያ?»

ጃቫ አሮጌውን ጃቫ ሲዲ ላይ ገልብጦ አስረከበ። ጋሼ ንብረት ሲዲውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡና አገላብጠው አዩት፤ «ተጭሯል» አሉ በቅሬታ። መዝገባቸው ላይ «ያገለገለ ጃቫ፣ ብዛት አንድ፣ ጭረት ያለበት» ብለው ጻፉና ከሁለት የተሰነጠቁ ባልዲዎች አጠገብ አስቀመጡት። ሥርዓት ያለበት ቤት ያስቀናል።

ከዚያ መዝገብ ቤት መጣ። በዚህ መሥሪያ ቤት ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄድ ነገር ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ማኅተም ሳያርፍበት አይተላለፍም። የጃቫ ክፍልና ንብረት ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ጋሼ ንብረት ሲያስነጥሱ ጃቫ «ይማርዎት» ይላል። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ጃቫ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ ወደ መዝገብ ቤቷ ኃላፊ፣ ወደ እትዬ ማኅተም ወጣ።

«የት ላይ ልምታልህ፣ ልጄ?»

«እዚሁ ፍላሹ ላይ፣ እትዬ።»

እትዬ ማኅተም ማኅተሙን ከፍላሹ ጋር ለኩት። «ማኅተሙ ይበልጣል። ግማሽ ማኅተም ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ እኔን ልታሳስረኝ ነው? በወረቀት አትመህ አምጣልኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሰው የሚያነበው ነገር አይደለም!»

«እኔም ላነበው አላልኩህም። ልመታው ነው።»

ታተመ። ሁለት ሺህ አራት መቶ ገጽ ሆነ፤ ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ብቻ። እትዬ ማኅተም የመጀመሪያውን ገጽ አይተው «ኧረ በስመ አብ! ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለማን ነው?» አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጀመሩ። ክንዳቸው በቀን ስድሳ ገጽ ይችላል። በአርባ ቀን መትተው ጨረሱ፤ በአርባ አንደኛው ቀን መዝግበው ቁጥር ሰጡት። ጋሼ ንብረት ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ተረከቡና ጃቫ ፍላሹን ሰርቨሩ ላይ እንዲሰካ ፈቀዱለት። መጫኑ ራሱ አራት ደቂቃ ፈጀ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። አዲሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለጃቫ እቅጩን ነግሮታል፦ ሰኞ ጠዋት መልቀቂያህን ይዘህ ካልተገኘህ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ጃቫ በዚያች ሌሊት ሻንጣውን አዘጋጀ። ለልጁ የገዛትን ቀይ ጫማ ከላይ አደረጋት።

ዓርብ ጠዋት የምረቃው ሥነ ሥርዓት በትልቁ አዳራሽ ተካሄደ። ሥራ አስኪያጁ የወረቀትን ዘመን መጨረሻ አስመልክተው አሥራ ስምንት ገጽ አነበቡ። ከዚያ ብዕራቸውን መዘው፣ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ማንኛውንም ጥያቄ በወረቀት መቀበል የሚከለክለውን መመሪያ ፈረሙ። እትዬ ማኅተም መቱበት።

«አሁን ደግሞ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ለክብሩ ሲባል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የሠሪው የራሱ ይሁን! ና ጃቫ፣ መልቀቂያህን ጠይቅ። ቃሌን አላጥፍም።»

ጃቫ ወደ ኮምፒዩተሩ ወጣ። የሚጽፈው ግድግዳው ላይ በትልቁ ስለሚታይ ሁሉም ያያል። ስሙን ጻፈ፤ ብዙዎች ስሙን ያን ጊዜ አወቁት። ከዝርዝሩ «ሌላ»ን መረጠ፣ ከካላንደሩ ቀኑን መረጠ፣ ግራጫውን በተን ተጫነ። ሰማያዊው መስመር ተነሣ። ሠላሳ፣ ስድሳ፣ ዘጠና። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደርሶ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ፦ «ጥያቄዎ ለሲስተሙ ባለሙያ ተልኳል።»

ወዲያው የጃቫ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፦ «የሚያጸድቁት አንድ ጥያቄ ቀርቦልዎታል።»

ከፈተው። «አጽድቅ» የሚለውን ተጫነ። «የራስዎን ጥያቄ ማጽደቅ አይችሉም። ሌላ ባለሙያ ያነጋግሩ» አለው። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ አለው። ራሱ የጻፈው ነውና እንደማይለመጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሡና ማጨብጨብ ጀመሩ።

«አያችሁ? አያችሁ ወይ? ሰው አይለይም! የሠራውን ሰው እንኳ አያዳላለትም!»

ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ጃቫ በጭብጨባው መሃል ጠጋ አላቸው።

«ጌታዬ፣ በወረቀት ይጻፍልኝ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች።»

«ወረቀትማ አሁን ዓይንህ እያየ ከለከልኩ እኮ!»

«እሺ፣ ሌላ ባለሙያ ይቀጠርና እሱ ያጽድቅልኝ።»

«በምን መደብ? ያለን የባለሙያ መደብ አንድ ነው፤ እሱም ተይዟል።»

«ማን ይዞት?»

«አንተ ነሃ! መጀመሪያ ልቀቅ፣ ወዲያው እንቀጥራለን።»

«እንግዲያው ፕሮግራሙን ላስተካክለው። አንድ ቃል ነው የምለውጠው፤ ሁለት ደቂቃ!»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መዝገብ ቤት ኃላፊዋ ዞር አሉ። እትዬ ማኅተም ከልባቸው አዘኑለት። «አይዞህ ልጄ፣ አትመህ አምጣው» አሉት። «ላንተ ስል መዝገቡን በዚያው ቀን አደርግልሃለሁ። አርባ ቀን ብቻ።»

ጃቫ የኮምፒዩተሩ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ» አለ፤ ጭብጨባው ስላልበረደ ማንም አልሰማውም። ስልኩ ደግሞ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«እህስ? ጀመረ?»

«ጀመረ።»

«ጭብጨባው እስከዚህ ይሰማል! መልቀቂያውስ?»

ጃቫ ግድግዳውን አየ። መስመሩ እንደ ታዘዘው ብልጭ ብልጭ ይላል። መዋሸት አልፈለገም፤ እውነቱን መናገርም አቃተው።

«ዘጠና ዘጠኝ ደርሷል» አላት።

«እልል በይ ልጄ፣ አንድ ብቻ ቀረው!» ስትል ሰማት። ትንሿ ልጅ ስልኩን ከእናቷ ቀማች።

«አባዬ፣ አንድ ስንት ቀን ነው?»

ኮሚቴው ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባው ያየዋል።