በሰይጣን ላይ ሥራ ያበዛው አያ ይባረክ

በየሰፈሩ ሰይጣንን ዕረፍት የሚነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። በጸሎት አይደለም፤ በሥራ ብዛት ነው። ወተት ቢገነፍል፣ ጎማ ቢተነፍስ፣ ምላስ ቢያመልጥ፣ ጥፋቱን ሁሉ ሰብስቦ ለእሱ ያስረክባል። በጎንደር፣ ከአዘዞ መንገድ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዘው የአጋንንት መዓት፣ የጨለማው ሠራዊት መደምሰሻ፣ የድብ ባሕሩ ተወላጅ፣ የተከበረው አያ ይባረክ ነው።

አያ ይባረክ ባለወፍጮ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ይሰግዳል፤ ጉልበቱ ወለሉን ሲመታ ተከራዮቹ ከግድግዳው ማዶ ይሰሙታል። ስግደቱን ጨርሶ በሩን ሲከፍት ግን ፊቱ የተገኘው ሰው አለቀለት።

"ቧንቧውን ማነው ያልዘጋው? እናንተ የማትረቡ!"

ወዲያው ይደነግጣል፤ ያማትባል። "ይቅር በሉኝ ልጆቼ። እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው።"

"እሱ" ማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ወፍጮ ቤትም አብሮት ይውላል። አንድ ቀን ከማክሰኝት እህል የጫነ ነጋዴ ሲመጣለት ሴቶቹን በወረፋ አስቁሞ የነጋዴውን አስቀደመ። ጠላ ሻጯ እጅጋየሁ ጮኸች።

"ምነው አያ ይባረክ! እኛ ሰው አይደለንም?"

"እውነትሽን ነው እቴ። ዓይኔን የጋረደው እሱ ነው።"

"እንግዲያው ንገርልኝ ለእሱ፤ ቀጥሎ የእኔን ጌሾ ይውቀጥልኝ!"

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ውጊያው ይበረታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ግን ወደ እሱ የሚጠጋ የለም። ሚስቱ ዘመናይ ለጎረቤት ስታወራ፣ "ሰውየው ከእህል ይጾማል፤ እኛ ከሰላም" ትላለች። በዚያ ላይ የሌላውን ሰው ሰይጣን ማባረር ይወዳል። በጄሪካን ጠበል ቀድቶ የተከራዩን የቴሌቪዥን ዲሽ አጥምቆታል። ዲሹ ለሁለት ቀን አልሠራም፤ አያ ይባረክም ድሉን ለነፍስ አባቱ አስታወቀ።

ሰው ይስቅበት ነበር። ባለፈው መስከረም ግን ሳቁ ቆመ።

የሚካኤል ማኅበር ነበር። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ጽዋውን ይጠጣል፤ ዳቦው ይቆረሳል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ በእርጅና ሥራውን ስለተወ ሌላ ይመረጥ ተባለ። አያ ይባረክ ጋቢውን አስተካክሎ ቁጭ አለ። ማኅበርተኛው ግን በአንድ አፍ አናጢውን አስማረን መረጠ። አስማረና ሚስቱ የትነበርሽ ተጋብተው ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ያልተሳሉበት ደብር፣ ያልተጠመቁበት ጠበል የለም።

"እግዜር አንድ ልጅ እንኳ አደራ ያልሰጠውን ሰው፣" አለ አያ ይባረክ፣ "እናንተ ማኅበሩን አደራ ትሰጡታላችሁ?"

የትነበርሽ ዳቦ እያደለች ነበር። አላለቀሰችም። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ወጣች። አስማረም ተከተላት።

"እኔ አይደለሁም፤ እሱ..." አለ አያ ይባረክ።

በሚቀጥለው ወር ተረኛው ራሱ አያ ይባረክ ነበር። ዘመናይ ጠላውን ጠመቀች፤ ዳቦውን ደፋች፤ ቤቱ ሞላ። የአዲሱ ሙሴ የአስማረ ቦታ ግን ባዶውን ቀረ። የማኅበሩ ቄስ መምሬ ቢሻው ጽዋው ፊት ቆሙና ሽፋኑን ሳይነኩት ዘወር አሉ። በቂም ላይ ጽዋ አይጠጣም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ጽዋው ሳይጠጣ ከቤቱ የወጣበት ሰው ደግሞ በዚያ ሰፈር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

"ከአስማረ ጋር ምን ሆናችሁ?" አሉ መምሬ፣ እንዳልሰማ ሆነው።

"አባቴ፣ እሱ ነው እንጂ እኔ..."

"አ! እንግዲያው ጥሩልን።" መምሬ ወደ በሩ አዩ። "ሰዳቢው እሱ ከሆነ፣ እግር ላይ የሚወድቀውም እሱ ነው። አንተ ምን በወጣህ አያ ይባረክ? ቁጭ ብለህ ዳቦህን ብላ።"

ከጥግ አንድ ሰው ፈገግ ማለት ጀምሮ ተወው። አያ ይባረክ ዘመናይን አየ። አቀርቅራለች። ሠላሳ ዓመት ሲጮህባት አንድ ቀን እንዲህ አላቀረቀረችም። ፊቱ እንደ ምጣድ ጋለ፤ ተነስቶ ወጣ።

በአገሩ ወግ በዳይ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል። አያ ይባረክ በመንገዱ ያገኘውን ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ተሸከመና የአስማረ ግቢ ገባ። አስማረ ሳንቃ ይልጋል፤ የትነበርሽ ምስር ትለቅማለች። ተንበረከከ። ምላሱ የለመደውን ቃል አዘጋጅቶ ጠበቀው። ዋጠው።

"ያልኩት እኔ ነኝ አስማረ። አምልጦኝም አይደለም። በዋዜማው ወፍጮው እያጓራ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ውዬ፣ የቱ ቃል እንደሚያምህ መርጬ ነው የመጣሁ። ለሙሴነቱ ትመረጣለህ ብዬ ፈርቼ ነበር።"

አስማረ መላጊያውን ያዘው እንጂ አልላገም።

"እኔስ?" አለች የትነበርሽ። "እኔም እዚያው ነበርኩ።"

"አይቼሻለሁ። እያየሁሽ ነው ያልኩት።"

እንዲህ ያለ ኑዛዜ ለነፍስ አባቱም ተናግሮ አያውቅም። የትነበርሽ ዓይኗ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

"ይኼን ከየት አመጣኸው?"

አያ ይባረክ ከነሸክሙ ዞሮ አየ። የአስማረ የድንጋይ ካብ መሐሉ ተነድሏል፤ በቀዳዳው አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ወደ መንገድ ትወጣለች።

"ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ አጥር ያፈርሳል?" አለ አስማረ፤ ሳይፈልግ ሳቅ አመለጠው። "ማን አፈረሰው በል!"

"እኔ" አለ አያ ይባረክ ባጭሩ።

በነጭ ልብሱ ካቡን መልሶ ካበ፤ ዶሮዎቹንም አባሮ አስገባ። አስማረ ፍቅፋቂውን ከላዩ አራግፎ ነጠላውን ለበሰ።

"አንተ ሂድ፣ ጽዋው እንዳይቀር" አለችው የትነበርሽ ለባሏ። "እኔ ግን ገና ነኝ። አፌ ይቅር ቢል ሆዴ እምቢ ይላል፤ ሚካኤልን አልዋሸውም።" አስማረ ሄደ፤ ጽዋውም ተጠጣ።

አያ ይባረክ ዛሬም ይጮሃል፤ ተለወጠ ብለን አንዋሽም። ብቻ ከጮኸ በኋላ ደርቆ ይቆማል፤ ጥፋቱን የሚረከበው የለም። "ምስኪን ሰይጣን፣ ከሥራ ወጣ" ትላለች እጅጋየሁ።

ደግሞ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ማኅበሩ በማንም ቤት ቢውል፣ አስቀድሞ የአስማረ በር ላይ ይቆማል።

"የትነበርሽ፣ ዛሬስ?"

"ገና ነኝ።"

"ሸጋ። ትንሽ ልቁም።"

ይቆማል። አላፊው ያየዋል፤ እሱም እንደሚታይ ያውቃል፤ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። መጀመሪያ የሳቁበት ተከራዮች አሁን በዚያ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ባለፈው ወርም "ገና ነኝ" አለችው ከውስጥ። ጥቂት ቆይታ ግን የመቀመጫ ዱካ ይዛ ብቅ አለች። በሩ ጥግ አስቀመጠችለትና ተመለሰች።

ወፍጮ ቤት ሴቶቹን በወረፋ ያስቆመው አያ ይባረክ ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ።