የእትዬ ዘነበች ዓሦች

የዛሬ ልጆች ቤንዚንን በጠረኑ ብቻ ታውቁት ይሆናል። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የነበረው ሰው ግን በጣዕሙም ያውቀው ነበር። ቤንዚን የሚቀዳው በኩፖን ነው፤ ኩፖኑ ወር አያደርስም፤ ስለዚህ ከወንድም መኪና ወደ አማች መኪና፣ ከቆመው ወደሚሄደው በጎማ ይሳባል። የጎማውን አንዱን ጫፍ ታንከሩ ውስጥ ከትቶ ሌላውን በአፍ መሳብ፣ ፈሳሹ ከንፈር ሳይደርስ ቶሎ ወደ ጀሪካኑ መልቀቅ። ቶሎ ያልለቀቀ ይጠጣል። ብዙ የተማረ ሰው ጠጥቷል።

ለዚህ ጥበብ ሌላ አገልግሎት ያገኘ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጎረቤቴን እትዬ ዘነበችን።

ቦሌ፣ ከሩዋንዳ ኤምባሲ ገባ ብሎ፣ አጥር ለአጥር ነበርን። ዛሬ ሰሚት እያላችሁ በታክሲ የምትጋፉበት አገር ያኔ ማሳ ነው፤ ከሰፈራችን ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ዓይኑ ጤፍ ላይ ያርፋል። ጸጥታው ዛሬም ይናፍቀኛል። ውኃው ግን አይናፍቀኝም፤ አልነበረማ። ቧንቧውስ ነበር። በሳምንት አንዴ ብቅ ሲልለት ሰፈሩ በሙሉ በርሜሉን ይሞላና ሳምንቱን ከዚያ እየቀዳ ይኖራል።

የእትዬ ዘነበች አንድ ልጅ ዳዊት፣ አገሩ የሚገባ ፈረንጅ ጎረቤት ትቶለት የሄደ የመስታወት ዓሣ ገንዳ ነበረው። ሳሎን ውስጥ፣ ከራዲዮኑ አጠገብ። ከሥሩ ጠጠር፣ ጠጠሩ ላይ የበቀለ የውኃ ሣር፣ በሣሩ መሐል የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ ቀያይ ዓሦች። ዳዊት ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ መኪናው ላይ ሲወጣ ለእናቱ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «እማዬ፣ ዓሦቼን አደራ» የሚል ነበር። አደራ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እትዬ ዘነበች ግን ከራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩበት፦ ዓሦቹ እስካሉ ልጄ አለ።

እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ፤ ማስረጃ የሌለው ነገር አይዋጥልኝም። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ዓሣ የጦር ሜዳ ወሬ ከየት ያመጣል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «የእናንተስ ጋዜጣ ከየት ነው የሚያመጣው?»



ገንዳው ቅዳሜ ቅዳሜ ይጸዳል። የሚስበው ሰይድ ነው፤ ከወሎ መጥቶ ሰፈራችን የከተመ ባለታክሲ፣ በቤንዚን መሳብ ወደር ያልተገኘለት። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የማያውቅ የራሱ ጎማ አለ፤ እትዬ ዘነበች በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። ሰይድ ይስባል፣ ይተፋል፣ «ወላሂ ከቤንዚኑ ይሻላል! ጨው ብቻ ነው የጎደለው» ይላል። እሳቸው ይቆጣሉ።

«ሥሩን አትንካ አልኩህ! ጠጠሩን አታገላብጠው፤ ከላይ ከላይ ቆሻሻውን ብቻ!»

«እኔ መቼ አረስኩ እትዬ? ሳብኩ እንጂ።»

«ልታርስ ነው እኮ ነገርህ!»

የጎማው ጫፍ ከጠጠሩ ከፍ ብሎ በሣሩ መሐል እየተሽሎከለከለ የዓሣ ኩስና የበሰበሰ ቅጠል ይለቅማል። ሲሶው ሲወርድ ይበቃል። ቡናማው ውኃ ጎመን ሥር ይደፋል (እንደዚያ ግቢ ጎመን ያማረበት ግቢ በሰፈሩ አልነበረም)፤ የጎደለው ከበርሜሉ በጣሳ፣ ቀስ እየተባለ ይሞላል። እኛም የበርሜል ውኃ እንጠጣለን፣ ዓሦቹም ያንኑ። እኩልነት የሚባለውን በዓይኔ ያየሁት እዚያ ገንዳ አጠገብ ነው።

ከዚያ አዲስ የውኃ መስመር ተዘረጋ። ቧንቧው ቀን ከሌት ይንፎለፎል ጀመር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ በርሜሎች ተገለበጡ። እትዬ ዘነበች ደስታቸውን ለማን ያካፍሉ? «እነዚህም ያደረ ውኃ ሰልችቷቸዋል» አሉና ሰይድን ግማሹን አስቀንሰው፣ ገንዳውን በቀጥታ ከቧንቧው በተቀዳ ንጹሕ ውኃ እስከ አፉ ሞሉት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዓሦቹ በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ነበር።

ጩኸታቸውን ሰምተን እኔም ሰይድም ስንገባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ ሞተ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። ጎረቤት ተሰበሰበ። የመጣው ሁሉ መርዶ የተነገረ እየመሰለው ያለቅሳል፤ የዓሣ ነገር መሆኑን የሰማም ማልቀሱን አላቆመም። በየቤቱ የሄደ ልጅ ነበራ።

እኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የመስመሩን ምርቃት ልዘግብ ሄጄ አንድ መሐንዲስ፣ ውኃው ውስጥ ተህዋስ የሚገድል ክሎሪን እንደሚጨመር፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ሲያድር ደግሞ ተኖ እንደሚጠፋ ነግሮኝ ነበር። ጋዜጣው ላይ አልወጣም፤ ቦታውን የባለሥልጣኑ ንግግር ጨረሰው። ለካስ እነዚያን ዓሦች ያኖራቸው ስንት ዓመት የረገምነው የውኃ እጦት ኖሯል።

ከቧንቧቸው አንድ ብርጭቆ፣ ገና ካልገለበጥኩት ከእኔ በርሜል ሌላ ብርጭቆ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። «ያሽትቱት፣ እትዬ።»

የበርሜሉን አሸተቱ፤ ምንም። የቧንቧውን አሸተቱ።

«በረኪና!»

«እሱ ነው የገደላቸው።»

«ማን ጨመረባቸው?»

እኔ ቃል ስመርጥ ሰይድ ቀደመኝ። «እርስዎ ነዎታ፣ እትዬ! በገዛ እጅዎ!»

በዓይኔ ገሠጽኩት፤ ፈሶ የማይታፈስ ነገር ነው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነቱን ነው? ምልክት አይደለም?»

«በረኪና ነው።»

«እኔው ነኛ የገደልኳቸው!» ብለው ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ነፍስ ማጥፋቱ ተነግሮት እንደዚያ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በሰፈራችን ካልተመለሱት የተመለሱት ያንሳሉ። ይኼም ከዓሣ ጋር ግንኙነት የለውም። ዳዊት ከተመለሱት አንዱ ነው፤ ጦሩ ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጫማው ተቀዶ፣ ጺሙ አድጎ፣ በእግሩ መጣ። እናቱ ስመው ሲለቁት ወደ ገንዳው ዞረ። ሣሩ እስከ ላይ ደርሷል፣ ውኃው ጥርት ብሏል።

«እማዬ፣ ዓሦቼስ?»

አደራ በላ መባል ከሌባ በሚከፋበት አገር እትዬ ዘነበች ማፈር ነበረባቸው። በእንባቸው መሐል ሳቅ አመለጣቸው።

«ገደልኳቸው፣ የኔ ጌታ» አሉት። «በገዛ እጄ።»