ለገንፎ የተሞላ ቅጽ

ናቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገንፎ ለማገንፋት የአያት ስም ምን ያደርጋል?

አትሳቅ ባክህ። ዝም ብለህ ስማኝ። ቸርችልን ሽቅብ እየወጣሁ ነው፤ ሳለከልክ ከሰማኸኝ ግማሹ ዳገቱ ነው፣ ግማሹ ንዴት ነው። ድል አድርጌም እናደዳለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው።

የእህቴን የፍሬን ዌብሳይት ታውቀው የለ? እናቶች ገብተው የሕፃን ምግብ አሠራር የሚያነቡባት፣ ለልጅ የሚነገር ተረት የሚያገኙባት። ሚጢጢ ነገር ናት። የሠራኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፍሬ «ለየልጁ ዕድሜ የሚሆነውን ምግብ ለይተን እንድናሳያቸው መመዝገቢያ ቅጽ ሥራልኝ» አለችኝ። እኔ ስለ ቅጽ መች አውቃለሁ? እማዬ ደግሞ የሰፈሩ የሴቶች እድር ፀሐፊ ናት፣ ቅጽ የሷ ሙያ ነው። ስጠይቃት «እንካ» ብላ የእድሩን ቅጽ አቀበለችኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ መልቀሙንም ትቼ እንዳለ ገልብጬ ለጠፍኩት።

ሙሉ ስም እስከ አያት። ቀበሌ። የቤት ቁጥር። ስልክ። የቤተሰብ ብዛት። መጨረሻ ላይስ ምን አለ መሰለህ? «በሞት ጊዜ ተጠሪ»።

ለአጃ ገንፎ!

እሺ እኔስ ፋራ ነኝ። የሞሉትስ? አንዷ እንኳ «ይሄ ምን ያደርግላችኋል?» ብላ አልጠየቀችም። አንዷማ ተጠሪ በሚለው ላይ «ባለቤቴ፤ ስልክ ካላነሳ ታናሽ እህቴ፤ ለአማቴ ግን እንዳትነግሩ» ብላለች። ሌላዋ የቤት ቁጥር በሚለው ላይ «ፈርሷል፤ አሁን ኮንዶሚኒየም ነን» ብላ ብሎኩን፣ ፎቁን፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ዘርዝራለች። እኔ መቼ ልብ አልኩት? ሰውየው ሲመጣ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ያለችውን የአጎቴን ፎቶ ኮፒ ቤት ታውቃታለህ፣ እዚያ ነው ጥግ ይዘን የምንሠራው። ሐሙስ ዕለት አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ገባ። ደላላ ነው፣ ግን ራሱን «አገናኝ» ነው የሚለው። የዳይፐር ነጋዴን ከእናት፣ መዋዕለ ሕፃናትን ከእናት ያገናኛል። «የአራዳ ልጅ ነህ፣ ብዙ አላስለፋህም» አለኝ። የሚፈልገው የእናቶቹን ዝርዝር ብቻ ነው። በምላሹ አዲስ ላፕቶፕ ከነካርቶኑ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ልዋሽህ? አልዋሽህም። የኔን ላፕቶፕ ታውቀዋለህ፤ አንዱ እጅህ ስክሪኑን ካልደገፈ አይበራም። ካርቶኑን አየሁት። ዳሰስኩት። «እስቲ ሰኞ ና» አልኩት።

ፍሬ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሴቶቹ ስማቸውን አምነው የሰጡት ለኔ ነው። ሰኞ ዝርዝሩ ከወጣ፣ ማክሰኞ ዌብሳይቱን እዘጋዋለሁ። ካንተም ጋር ሁለተኛ አልሠራም» ብላ ስለ ካሮት መጻፏን ቀጠለች።

ጦፍኩ! በሷ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በራሴ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ሰውየው እኮ አጥሩን የነቀነቀው እኔን አይቶ ነው! ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ደመሰስኩት። ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ተጠሪውን። ለክፉ ቀን ብዬ ፍላሽ ላይ ያስቀመጥኩትን ሳይቀር። አሁን ዌብሳይቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ልጁ ስንት ወሩ ነው? ትጫናለህ፣ ምግቡ ይመጣልሃል። በቃ።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወንበር ላይ ጉብ ብላለች። ሰውየው ካርቶኑን ታቅፎ ገባ። «ዝርዝሩ ደረሰ?»

«የምን ዝርዝር?» አለች እማዬ።

«የእናቶቹ ነዋ፣ እትዬ።»

«ማን ሞቶብህ ነው?»

ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ ማንም አልሞተብኝም!»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ብለህ ነው መዝገብ የምትጠይቀው? እኔ ጋ የእድሩ መዝገብ ሳጥን የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። መርዶው ለማን እንደሚነገር ይታያል፣ ተመልሶ ይቆለፋል። አንተ ዳይፐር ለመሸጥ የሰው ተጠሪ ልታይ?»

ኮፒ ሊያስደርግ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ወደኔ ዞረና «ወንድሜ፣ ተነጋግረን አልነበር?» አለኝ። ይሄኔ ነው የኔ ተራ! «ደምስሼዋለሁ» አልኩት። «አሁን እናቶቹ የሚነግሩኝ የልጆቹን ወር ብቻ ነው። ስድስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ። ሂድና ለስምንት ቁጥር ዳይፐር ሽጥለት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ካርቶኑን ብብቱ ሥር ወትፎ ወጣ። እኔ እተዋለሁ? በሩ ድረስ ተከትዬ «ተጠሪህን ሳታስመዘግብ እንዳትሄድ!» አልኩት።

ከዚያ እማዬ እየነገረችኝ ዌብሳይቱ ላይ ጻፍኩ። «እናቶች፣ የማይገባንን ጠይቀናችሁ ነበር፣ ይቅርታ። ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ ቤታችሁን አጥፍተናል። ለማንም አልሰጠንም። ከእንግዲህ የልጁን ወር ብቻ እንጠይቃለን፣ እሱንም አናስቀምጥም።» ፍሬ አነበበችውና «ሻይ ልዘዝልህ?» አለችኝ። ከፍሬ አፍ ይሄ ኒሻን ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት!

ከሥሩ አስተያየት መስጫ አለ። የመጀመሪያዋ «ተባረኩ! እንዲህ ነው መታመን» አለች። ቀጥላ ስሟን እስከ አያት፣ ስልኳን፣ «እሑድ የልጄ ክርስትና ነው፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራችሁ ሰማያዊው በር» ብላ አገር በሚያየው ቦታ ለጠፈችው! ሌላዋ ደግሞ አልቅሳለች። «ምን በደልኩ? የጠየቃችሁኝን ሁሉ ሞልቼ ለምን ሰረዛችሁኝ?» እድርተኛ ናታ! በእድር ደንብ ከመዝገብ የሚሰረዝ ጥፋተኛ ነው። እኔ ስደመስስ እነሱ ሲጽፉ ጣቴ ዛለ።

አሁን ደግሞ ቸርችል መሃል ቆሜ ስልኬን ብከፍት የመጨረሻው አስተያየት የማን ነው? የእማዬ! የሳጥኑን ቁልፍ ካንገቷ የማታወርደው ሴትዮ! «ይህን የሠራው ልጄ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ቁጡ ነው እንጂ ቂም የለውም። አላገባም።» ከሥሩ ስልክ። የሷ መሰለህ? የኔ!

ደውዬ ጮህኩባት። «እማዬ፣ የሰው መዝገብ ቆልፈሽ የኔን ትበትኛለሽ?» ስላት፣ «ያ መዝገብ ነው፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው» ብላ ዘጋችብኝ። ለዚህ ነው የማለከልከው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ አሁኑኑ ነው የማጠፋው! አንድ ደቂቃ አያድርም! ሰው እንዴት በገዛ እናቱ...

ቆይ፣ ስልክ እየገባብኝ ነው። የማላውቀው ቁጥር ነው።

ናቲ፣ ማጥፋቱ ይደርሳል። ይቺን ላንሳ።