የጋሽ እንዳለው ወፎች

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ባለው የሰሊጥ አገር፣ የቀን ሠራተኛ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ለምን ጠየቅኸኝ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሰላምታ ምርመራ ነው፤ ምርመራ ደግሞ የፍርድ ዋዜማ ነው። የበሽታውን ስም እስከ ዛሬ ሐኪም አላወቀውም። ሐኪሙ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ሲጠይቀው አልነገረውማ።

ከመተማ ማዶ በሱዳን ምድር፣ በቁረይሻ፣ በሐጅ እስማኤል የሰሊጥ እርሻ ላይ፣ የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ ክቡር ጋሽ እንዳለው ናቸው። ከአርማጭሆ ለአንድ ክረምት አረም ሊያርሙ ተሻግረው አሥራ ዘጠኝ ክረምት አርመዋል። ዛሬ የሠራተኞቹ ኃላፊ ናቸው፤ ሆኖም «ኑሮ እንዴት ነው?» ያላቸው ሰው የሚያገኘው መልስ ያው ነው፦ «የምን ኑሮ? እኔ ለክረምቱ ነው የመጣሁት።»

ስልካቸው ሲጠራ ያነሱና ዝም ይላሉ። ደዋዩ ቀድሞ ካልተናገረ ንግግሩ በዝምታ ተጀምሮ በዝምታ ያልቃል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካዩ ዞር ይላሉ፤ በዚህም የተነሳ እርሻው ላይ በተነሱት ፎቶዎች ሁሉ ጀርባቸው እንጂ ፊታቸው የለም። ዐረብኛ እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አንድ ቃል አይሰሙም። «ማወቄን ካወቁ እኮ ፊት ለፊቴ አያሙኝም» ይላሉ። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ማን ላከህ?» የሰኔ ደመና ሲመጣ እንኳ ቀና ብለው ይህንኑ ጠይቀዋል እየተባለ ይወራባቸዋል።

ኮከብ የተላከችው እንግዲህ እኚህን ሰው ለመጠየቅ ነው። ኮከብ ወላጆቿ ከመተማ ተሻግረው ገዳሪፍ ላይ የወለዷት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናት። አባቷ ከጋሽ እንዳለው ጋር ብዙ ክረምት አርሟል። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ የሱዳን ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸውን መምህራን ይዞ፣ ስለ ዘላቂ የመሬት አጠቃቀም ጥናት ጀምሮ ነበር። ነገሩ ለአንድ ሙያ ብቻ የሚተው አይደለም ተብሎ የአፈር፣ የውሃ፣ የኢኮኖሚና የማኅበረሰብ ምሁራን በአንድነት እንዲያጠኑት፣ ውጤቱም በአዲስ ኮርስ ለተማሪ እንዲሰጥ ተወሰነ። በአንድነት ሲባል ግን ወረቀቱ ላይ ነው። መኪናው አንድ፣ ነዳጁም ጥቂት ስለሆነ አራቱም በየተራ፣ በየሳምንቱ መጡ። አስተርጓሚዋ ብቻ ሁልጊዜ ኮከብ ነበረች።

አራቱንም የሳበቻቸው በእርሻው ዳር ያለች አንዲት ረጅም የዛፍ መስመር ናት። ዙሪያው ገላጣ ነው፤ ጎርፍ በየክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። እዚያች መስመር ላይ ግን ሃሻብ የሚሉት፣ ሙጫ የሚሰጠው ግራር ተሰልፎ ቆሞ አፈሩን ይዞታል።

መጀመሪያ የመጣው የአፈሩ ዶክተር ኢስሃቅ ነው። ስማቸውን ጠየቀ፤ ኮከብ ተረጎመች።

«ማን ላከው?»

«ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ጋሼ። ስለ ዘላቂ አጠቃቀም ሊያጠና ነው።»

«ዘላቂ? ማን ነው እዚህ የሚዘልቀው?» ዶክተሩን ከጫማው እስከ ባርኔጣው አዩት። «ስሜን ታከለ በይው።»

ኮከብ ደነገጠች። አስተርጓሚ ግን የተባለውን ነውና የሚያስተላልፈው፣ «ታከለ» አለች። ዶክተሩ ቀጠለ፦ ዛፎቹንስ ማን ተከላቸው?

«ወፍ» አሉ ጋሽ እንዳለው።

በሁለተኛው ሳምንት ለውሃው ምሁር ባንተአምላክ ሆኑ። በሦስተኛው ለኢኮኖሚው እምባየ ተባሉ። በአራተኛው ለማኅበረሰብ አጥኚዋ «የማስተዋል አባት» ብቻ ብለው አለፉ፤ ልጅ የሚባል የላቸውም። ስማቸው እንዲህ ሲገለባበጥ ስለ ዛፎቹ የሰጡት ቃል ግን ንቅንቅ አላለም። ወፍ ነው፣ ወፍ ነው፣ ወፍ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ስም እንደ ልብስ ይቀያይራሉ?» አለቻቸው ኮከብ፣ መኪናው ሲነሳ።

«አንቺ ልጅ፣ ጣቢያ ገብተሽ አታውቂም? አንዱ ይጠይቅሻል፣ ይወጣል። ሌላው ይገባና ያንኑ ይጠይቅሻል። ቃልሽ ትንሽ ከተዛነፈ ወላሂ አለቀልሽ! እነዚህም አራት ሁነው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። እንግዲህ ቢዛነፍም በአራት ሰው ይዛነፍ፤ በእኔ ብቻ አይምጣ።»

ኮከብ እውነቱን ታውቃለች። ዛፎቹን ዘርተው፣ ዘጠኝ በጋ ሙሉ ከኩሬው በጀሪካን ውሃ እየተሸከሙ ያሳደጓቸው ራሳቸው ናቸው፤ አባቷ በዓይኑ አይቷል። የሚደብቁትም ለጨዋታ አይደለም። በዚያ አካባቢ በሰው መሬት ላይ ዛፍ የተከለ ሰው፣ ነገ መሬቱ የእኔ ነው ሊል ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ከወሰን ማዶ የመጣ ከሆነማ፣ ስለ ወሰኑ የሚወራው ነገር ሁሉ በእሱ ራስ ላይ ነው የሚወርደው። ሐጅ እስማኤል ከሰሙ በአንድ ቃል ሊያባርሯቸው ይችላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ለክረምቱ ነው» ሲል የኖረ ሰው ደግሞ የሚመለስበት ቤት የለውም።

ከወር በኋላ አራቱ ምሁራን ገዳሪፍ ላይ ተሰብስበው ወረቀታቸውን አገጣጠሙ። ዶክተር ኢስሃቅ ከደስታው ብዛት ተነስቶ ቆመ።

«አራት ገበሬዎች! አራት ዘርፎች! አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡን! በጋራ ማጥናት ማለት ይኸው ነው።»

መደምደሚያው ወዲያው ተጻፈ። የእርሻ ዳር ሳይታረስ ከተተወ ወፎች ራሳቸው ዘርተው ያበቅሉታል፤ መትከልና ማጠጣት አያስፈልግም። ይህም የአዲሱ ኮርስ አንድ ምዕራፍ ሊሆን፣ ለእርሻ ባለቤቶችም ምክር ሆኖ ሊላክ ነው። ኮከብ ብትናገር ሰውዬውን ታስባርራለች። ዝም ብትል ደግሞ ተማሪው ውሸት ይማራል፤ አገሩም እጁን አጣጥፎ ወፍ ይጠብቃል። የሦስት ቀን ጊዜ ስጡኝ ብላ ወደ ቁረይሻ ተመለሰች።

ጋሽ እንዳለው ወሬውን ሲሰሙ በመጀመሪያ ፊታቸው በራ።

«አመኑ?»

«አመኑ።»

«አራቱም?»

«አራቱም፣ ጋሼ። መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ነው። ተማሪው ሁሉ ሊማረው ነው።»

«ወፍ ተብሎ?»

«ወፍ ተብሎ።»

ብድግ አሉ። «ዶክተር አይደሉም ወይ እነዚህ ሰዎች! ወፍ በመስመር ይተክላል? ወፍ ውሃ ይቀዳል? አንድ ሰው እንኳ አይጠረጥርም?»

ኮከብ ሰው በገዛ ውሸቱ እንዲህ ሲቆጣ አይታ አታውቅም። የመጣባትን ሳቅ ዋጠችና ስለ ሌሎቹ እርሻዎች፣ ስለሚላከው ምክር ነገረቻቸው። ጋሽ እንዳለው ወደ ዛፎቹ ዞሩ። ፍርሃታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«ወረቀታችሁን አርሙት፤ ግን ወረቀቱ ለሐጅ ሳይነግረው እኔው ልንገረው» አሉ በመጨረሻ። «ነይ፣ አብረሽኝ ነይ።»

ሐጅ እስማኤልን ያገኟቸው ገዳሪፍ፣ የእህል ገበያው ውስጥ ካለው መጋዘናቸው ነው። በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ እንዳለው የቀረበላቸውን ወንበር እንቢ ብለው፣ ቆመው፣ በዐረብኛ ተናገሩ።

«ሐጅ፣ ዳር ያሉትን ዛፎች የተከልኳቸው እኔ ነኝ። መሬትህን ተመኝቼ አይደለም። አፈሩ ሲሄድ ማየት አልችል ብዬ ነው።»

ሐጅ እስማኤል በእጃቸው የያዙትን ሰሊጥ ወደ ጆንያው መለሱና «አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ትራክተሩ እዚያ ሲደርስ በራሱ የሚዞር መስሎህ ነው? በየዓመቱ ሹፌሩን ዞረህ እለፍ የምለው እኔ ነኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አውቃለሁ ብልህ ምን ታደርግ ነበር?»

ሐጅ ራሳቸው መለሱላቸው፦ «ይህ ሰውዬ የሆነ ነገር አስቦብኛል ብለህ በማግስቱ ነቅለሃቸው ትጠፋ ነበር። እኔ ደግሞ ዛፎቹንም አንተንም ማጣት አልፈለግሁም።»

ኮከብ ያን አራት የውሸት ስም ሳታርም የተረጎመችው አስተርጓሚ ስለሆነች ብቻ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባት፤ እኚህን ተጠራጣሪ ሽማግሌ እንደ አባቷ ትወዳቸዋለች። ጋሽ እንዳለው ግን ሐጅን በቁጣ እያዩ ነበር።

«ይህን ሁሉ እያወቅህ» አሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ ብታግዘኝ ምን ነበረበት?» ቁጣው መሀል ላይ ከዳቸውና ድምፃቸው ቀጠነ። «ውሃው እኮ ይከብድ ነበር፣ ሐጅ።»