ጫማውን አውልቆ የገባው ሠራተኛ

ታላቅ፦ ጡረታ የወጣ የሎጂክ መምህር።
ታናሽ፦ ወንድሙ። አብረው ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ «ዘገምተኛው» ይለዋል።

(ረፋድ ነው። ሳሎን። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ረጥቦ ቀለሙ ተልጧል። ግድግዳው ሥር የታናሽ ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ አጠገቡ የፕላስቲክ ሳፋ። ውሃው ጠብ… ጠብ… ይላል። ከመታጠቢያ ቤት የብረት ድምፅ ይሰማል። ታላቅ ከእግር ጉዞው ገና መመለሱ ስለሆነ ኮቱን አላወለቀም። ሁለቱም በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።)

ታላቅ: ጫማውን አውልቆ ነው የገባው?

ታናሽ: አዎ ጋሼ። ይኸው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ደርድሮታል።

ታላቅ: የውሃ ሠራተኛ ጫማ አያወልቅም።

ታናሽ: ይሄኛው አወለቀ።

ታላቅ: እኔስ የምልህ ምንድን ነው?

ታናሽ: እኔም እሱኑ ነው የምልህ። ጨዋ ነው።

ታላቅ: ስማኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ለውሃ ቢሮው ያመለከትነው መቼ ነው?

ታናሽ: ፍራሼ ደረቅ የነበረ ጊዜ።

ታላቅ: ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተመላለስን?

ታናሽ: አንተ ተመላለስክ። እኔ ሳፋ ስደፋ ነበር።

ታላቅ: መጡ?

ታናሽ: አልመጡም።

ታላቅ: ስለዚህ የውሃ ሠራተኛ ሲጠሩት አይመጣም። ይሄ መጥቷል። ስለዚህ የውሃ ሠራተኛ አይደለም። የቱ ጋ ነው ያልገባህ?

ታናሽ: ሁሉም ገብቶኛል። ግን እየሠራ ነው።

ታላቅ: እሱማ ዋናው ማስረጃ ነው። አሁን ስገባ በበሩ በኩል «መቼ ትጨርሳለህ?» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አሁን እጨርሳለሁ አባባ።» ዕቃ የለም አላለ፣ ነገ ተመለሱ አላለ፣ የኔ ክፍል ሥራ አይደለም አላለ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ታናሽ: እኔም አልገጠመኝም። ሻይ ላፍላለት?

ታላቅ: ለሌባ?

ታናሽ: ሌባ ሻይ አይጠጣም?

ታላቅ: ይጠጣል። ጥያቄው እሱ አይደለም።

ታናሽ: እሺ፣ ስኳሩን ስንት ላድርግለት?

ታላቅ: (ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል።) ቱታውን አይተኸዋል? ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው የቀረው። የራሱ ቱታ የሚያጥረው ሠራተኛ የት አገር አለ?

ታናሽ: የራሱ አይደለም። ያንተ ነው።

ታላቅ: የኔ?

ታናሽ: አጥሩን ስትቀባ የምትለብሰው። ልብሱ እንዳይርስበት ብዬ ሰጠሁት።

ታላቅ: መፍቻውስ?

ታናሽ: የአባታችን ነው።

ታላቅ: ፒንሳውስ?

ታናሽ: ካንተ አልጋ ሥር የነበረው። እሱ ራሱ ነው ያገኘው።

ታላቅ: አልጋዬ ሥር ገብቶ ምን ይሠራል?

ታናሽ: ፒንሳ ይፈልጋል።

ታላቅ: ቆይ፣ ሰውየው ከቤቱ ይዞት የመጣው ነገር ምንድን ነው?

ታናሽ: ቦርሳ።

ታላቅ: ውስጡስ?

ታናሽ: አሁን ባዶ ነው።

ታላቅ: ባዶ ቦርሳ ይዞ ሰው ቤት የሚገባ ሰው ሊሰጥ ነው ሊወስድ?

ታናሽ: ሲመጣ ቀሎታል ማለት ነው።

ታላቅ: (ለራሱ) አንድ እናት ነች የወለደችን። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ፖሊስ ልጠራ ነው።

ታናሽ: ጥራ። ግን የቧንቧውን ጎማ ይግጠም።

ታላቅ: ቤታችንን እያጠና እኮ ነው አንተ ሰውዬ።

ታናሽ: ጋሼ፣ ያንተ ክፍል ደረቅ ነው። እኔ ሳፋ አቅፌ ነው የማድረው። ጉልበቴ ስነሳ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተሃል፤ «ወይ ግድግዳው ይድረቅ፣ ወይ አንተ ትደርቃለህ።» የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ታላቅ: ችግር ማስረጃ አይሆንም። ለማንኛውም ፈተና አዘጋጅቼለታለሁ። ሰው ማንነቱ የሚታወቀው ብቻውን ከሰው ዕቃ ጋር ሲቀር ነው። ስገባ ሰዓቴን ፈትቼ ኮሪደሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ታናሽ: ተማሪዎችህ የሸለሙህን?

ታላቅ: እሱን። ካልወሰደው ሠራተኛ ነው።

ታናሽ: ከወሰደውስ?

ታላቅ: ሌባ ነው።

ታናሽ: ሰዓቱስ?

ታላቅ: እውነቱን እናውቃለን።

ታናሽ: እኔ የጠየቅኩህ ሰዓቱን ነው።

ታላቅ: (በሐዘኔታ ያየዋል።) ሂድ ሻይህን አፍላ።

(ታናሽ እግሩን እየጎተተ ይወጣል። ታላቅ ግድግዳውን በጣቱ ይነካና ጣቱን ኮቱ ላይ ይጠርጋል። የብርጭቆ ድምፅ። ከመታጠቢያ ቤት አንድ ሁለት ምት፤ ከዚያ ዝም። ታናሽ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ይመለሳል። ሁለቱም ሳፋውን ያያሉ። ጠብ… ከዚያ የለም።)

ታላቅ: ምንድን ነው የተቋረጠው?

ታናሽ: ጠብታው።

(ከኮሪደሩ «ጨርሻለሁ አባባ» የሚል ድምፅ። ታናሽ ሊሸኝ ይወጣል። የበር ድምፅ። ይመለሳል።)

ታላቅ: ሄደ?

ታናሽ: ሄደ። ቱታህን አጥፎ መለሰልኝ። ጫማውን ያደረገው ውጭ ከወጣ በኋላ ነው፤ ልማድ ይሆናል።

(ታላቅ ወደ ኮሪደሩ ይሮጣል። ቀስ ብሎ፣ ፊቱ እየበራ ይመለሳል።)

ታላቅ: ሰዓቱ የለም።

ታናሽ: የለም?

ታላቅ: የለም። ተረጋገጠ። እንዳልኩህ ሌባ ነው።

ታናሽ: ሌባስ ነው።

ታላቅ: አሁን ገባህ?

ታናሽ: ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ።

(ታላቅ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል።)

ታናሽ: አንተ እንደወጣህ ሳፋ ልደፋ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ጫማው እጁ ላይ፣ ሬዲዮህ ቦርሳው ውስጥ። በኩሽናው መስኮት ነው የገባው።

ታላቅ: እና አልጮህክም?

ታናሽ: አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩ።

ታላቅ: አንተ?

ታናሽ: ቀስ ብዬ። ሌባ ካልኩት ይሮጣል፤ ግድግዳው ይቀርልኛል። ስለዚህ «ከውሃ ቢሮ ነህ አይደል? ስንጠብቅህ ከረምን» አልኩት። ግድግዳውን አየ። በሩን አየ፤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። «አዎ» አለ።

ታላቅ: ሬዲዮዬስ?

ታናሽ: «እርጥበት እንዳያገኘው ነው ያነሳሁት» ብሎ መለሰው። አመሰገንኩት።

ታላቅ: ሌባ ቧንቧ መጠገን ከየት ያውቃል?

ታናሽ: እኔንም አስፈርቶኝ ነበር። ግን መስኮት ፈልቅቆ የገባ ሰው ብሎን ያቅተዋል?

ታላቅ: ላንተ ግድግዳ የተከፈለው የኔ ሰዓት ነው ማለት ነው።

(ታናሽ ከኪሱ ሰዓቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥለታል።)

ታናሽ: ሻይ ላፈላ ስወጣ አነሳሁት። ሌባ ቤት ውስጥ እያለ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አይተውም።

ታላቅ: ፈተናውን አበላሸኸው።

ታናሽ: አላበላሸሁም። የወሰደው ሌባ ነው አላልክም? ወሰድኩ።

(ታላቅ ሰዓቱን ያስራል። ማሰሪያው አልገባ ብሎት ታናሽ ይቆልፍለታል። ሁለቱም ጠብ የማይል ውሃ ያዳምጣሉ።)

ታላቅ: የኩሽናውን መስኮት ዘጋኸው?

ታናሽ: ዘጋሁት።

ታላቅ: ክፍሌ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ከሞተ ሰነበተ። በጨለማ ነው የማነበው።

ታናሽ: አውቃለሁ።

ታላቅ: ለመብራት ቢሮውም አመልክቼ ነበር።

ታናሽ: አውቃለሁ ጋሼ።

(ታናሽ እየተንቋቋ ይነሳና ወደ ኩሽና ያመራል። የመስኮት ሲጥታ ይሰማል።)

ታላቅ: (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) በደንብ አትክፈተው። ይጠረጥራል።