የእሜቴ ይርጋነሽ ወረንጦ

በጎጃም ምድር አንድ ከተማ ያለ ሐኪም ዘመናት ሊኖር ይችላል፤ ያለ ዓይን አዋቂ ሴት ግን አንድ ሳምንት አይሰነብትም። ዓይንህ ቀላ ያለ እንደሆነ አንተ ሳታውቀው ታውቅብሃለች። ምን እንዳመጣው፣ ምን እንደሚያድነውና አያትህም በስንት ዓመታቸው እንደጀመራቸው ሳትጠይቃት ትነግርሃለች።

የብቸናዋ ባለሥልጣን እሜቴ ይርጋነሽ ነበሩ። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም። በንጉሡ ጊዜም ነበሩበት፤ ደርግ መጥቶ ሹሙን ሁሉ ሲሽር እሳቸውን የነካቸው አልነበረም። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይሰየማሉ። ከማተባቸው ላይ መስቀልና ወረንጦ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚወጋው ሁሉ ተራ ይዞ ራሱን ከጉልበታቸው ላይ ያስደግፋል፤ እሳቸውም ጸጉሩን አንድ በአንድ እየለቀሙ ይነቅሉለታል።

ምርመራቸው አጭር ነው። የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገልበጥ፣ ዳበስ አድርገው ይፈርዳሉ። "ይኸ የጭስ ነው፤ መስኮት አውጪ። ይኸ የዝንብ ነው፤ ፊትሽን ታጠቢ። ይኸ የሰው ዓይን ነው፤ ጎረቤት ለውጪ።" ለምን ጠጋ ብለው እንደማያዩ የጠየቃቸው ሰው ሁልጊዜ አንድ መልስ ያገኛል። "ዓይን በጣት ይታወቃል እንጂ በዓይን አይታወቅም!" ሕዝቡም ጥልቅ ጥበብ ነው ብሎ ተቀብሏል።

ድሬሰር ታዘበው ክሊኒኩን ሊረከብ ከአምበር የመጣው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በማግስቱ ዓመት ነው። ዕድሜው ሃያ ሦስት፣ ድምፁ ግን የስልሳ ዓመት ሰው ድምፅ ነበር። ሳጥን ሙሉ የዓይን ቅባት ይዞ ቢመጣም በሽተኛ የሚባል ዝር አልል አለው። የመጡለት ሦስት ሰዎችም "እሜቴ ይኸን ስጡት ብለዋል" እያሉ ትእዛዝ ያደርሱለት ነበር።

ሊያናግራቸው ከድንጋይዋ ዘንድ ደርሶ ሰላምታ ሲሰጥ እሜቴ ብድግ አሉለት። "ኖር አባቴ! ኧረ ይቀመጡ!"

ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። በሚቀጥለው እሑድም ኖር፣ በሌላውም ኖር። ታዘበው ጢም ያላወጣ አገጩን እያሻሸ "በልጅነቴ ሊያሾፉብኝ ነው" አለና ቂም ቋጠረ።

ከቂሙ በላይ ያንገበገበው ግን የነጠላቸው ጫፍ ነው። እሜቴ ነቅለው ሲጨርሱ የሚፈሰውን እንባ በዚያ ጫፍ ይጠርጋሉ፤ በየእሑዱ የማትቀረዋን የፈንታዬን፣ ከፈንታዬ ቀጥሎ የየኔታ ወልደ ኪዳንን፣ ከዚያ የሁሉንም። ነጠላው ሲታጠብ እንኳ ያቺ ጫፍ ውሃ አትነካም። ከዓመታት በፊት የጥምቀት ጸበል ጠጥታለችና በረከቷ እንዳይለቅ ይሠሥቱላታል።

"እሜቴ፣ በሽታውን ከአንዱ ወደ አንዱ የምታዛምተው እኮ እቺ ጨርቅ ናት።"

"ጸበል ነው የሚያዛምት? አባቴ፣ በሽበትዎ እንዲህ አይናገሩ።"

ሽበት! ታዘበው ተናዶ ሄደ።

እንዲህ ሲነታረኩ ሁለት ዓመት ሞላ። በዚህ መሐል እሜቴ ከመሠረተ ትምህርት ፈተና አንደኛ ወጥተው ተጨብጭቦላቸዋል። ሠሌዳው ላይ በእንጨት የተጠቆመውን ፊደል ሳይሆን ጎረቤታቸው የሚያንሾካሹከውን ቀድመው ይጮኹ እንደነበር ያወቀ የለም።

ነገሩ የፈነዳው አንድ የዐቢይ ጾም እሑድ ነው። ፈንታዬ ከጉልበታቸው ላይ ተኝታ ሳለ ቅጥሩን የሚያሰነጥቅ ጩኸት ለቀቀች።

"እሜቴ! ቅንድቤን!"

"እሱም ቢሆን ጥጋብ አብዝቶ ነበር" አሉ እሜቴ ሳይደነግጡ።

ሰው በሳቅ ወደቀ። ታዘበው ግን አልሳቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ እጃቸውንና ነጠላቸውን ሲጠብቅ ኖሮ ፊታቸውን በወጉ ያየው ያን ቀን ነው። የሁለቱም ዓይኖቻቸው ቆብ ወደ ውስጥ ተቀልብሷል፤ ጸጉሩ ብሌናቸውን ይፍቀዋል፣ ቀኙም ነጭ ጠባሳ ጥሏል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ሕዝቡ እስኪበተን ጠበቀና ከአጠገባቸው ተቀመጠ።

"እሜቴ፣ እርስዎንስ ማን ይነቅልልዎታል?"

"ሁሉም ጉልበቴ ላይ ተኛ እንጂ ጉልበቱን የሰጠኝ የለም። አለማየቴ ከታወቀ ደግሞ ማን ይመጣልኛል?"

ታዘበው እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣና ጉልበቱን ሰጣቸው። እሜቴ "እጅዎ ከበደ፣ ከሥሩ ይያዙት" እያሉ እስኪጨርስ ድረስ አረሙት። ጸጉሩ ተመልሶ እንደሚበቅል፣ የተቀለበሰውን ቆብ አቅንተው የሚሰፉ ሐኪሞች በሚያዝያ ሞጣ እንደሚመጡ፣ አሁን ካልተሠሩ ግን ግራውም እንደሚጠፋ ነገራቸው።

"ጨርሰው ቢያጠፉኝስ?"

"አብሬዎ እሄዳለሁ።"

እሜቴ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲያፍተለትሉ ቆዩ። "ፈንታዬን ያሳመምኋት እኔ ነኝ?"

"ዝንቡም አለበት፣ እሜቴ።"

"ዝንቡን ይተዉት፤ የኔን ይንገሩኝ።"

"አዎ፤ እርስዎም አሉበት።"

በማግስቱ ጫፏ ታጥባ ከአጥራቸው ላይ ተሰጥታ ታየች። ጎረቤት ጉድ አለ።

ሞጣ ድረስ በእህል መኪና ሄዱ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እሜቴ እዚያው ከእህታቸው ልጅ ከሞክሼያቸው ቤት ሰነበቱ፤ ታዘበውም ወደ ሥራው ተመለሰ። በስምንተኛው ቀን ክሩን ሊያወጣላቸው ተሳፍሮ ሲመጣ እሜቴ ከደጅ ተቀምጠው ዶሮ ይቆጥራሉ። ቀኙ ዱሮም ያለቀለት ነበር፤ ግራው ግን እንባው ደርቆ ጠርቷል። ታዘበውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። አልተነሡም።

"የማን ልጅ ነህ? ድሬሰሩ ናቸው የላኩህ?"

"እኔ ነኝ፣ እሜቴ።"

ድምፁን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉ። "በሥላሴ! ይኸ ጨቅላ? ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ኖር ስል የከረምሁት?"

ታዘበው ሳቁን ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ያ ሁሉ ኖር ሹፈት አልነበረም። ቂሙን የት እንደሚያደርሰው ጠፍቶት ክሩን ለማውጣት አጎነበሰ።

ብቸና በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ ከድንጋይዋ ሥር ሳሙናና የውሃ ማሰሮ ተቀምጦ ነበር። እሜቴ ነጠላቸው ነጭ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብቅ ሲሉ፣ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው የነበረው ታዘበው በሕዝብ ፊት ብድግ አለ።

"ኖር እሜቴ!"

"በእግዜር" አሉ ገና ከሩቅ። "ቁጭ በል፤ ግራ ዓይንህ ቀልቷል።"