የእትዬ ዘይነባ ጉድጓድና የእኔ ማጣሪያ

እኛ ውሃን የምንመረምረው በዓይናችን ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ እናደርጋለን፣ አንድ ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ የሚንሳፈፍ ነገር ካጣን «ኩል ይመስላል» ብለን ጭልጥ። ጠንቃቃ ነኝ ባዩ ደግሞ ከላይ ትንሽ መሬት ላይ ያፈስና የቀረውን ይጠጣል፤ ጀርሙ ሁሉ እላይ ተሰብስቦ ወረፋ የሚጠብቅ ይመስል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትካዱ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነበርኩ። ማጣሪያ አለኛ! ባለ ሁለት ደርብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ ውስጥ ሻማ የመሰለ ነጭ ድንጋይ የተተከለበት። ከላይ የቧንቧ ውሃ ትሞሉበታላችሁ፤ በሻማው እየተጣራ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቡታጅራ በተከራየናት ቤት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ የተሻለ ቦታ የተሰጠው ለእሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሳልጠየቅ ስለ እሱ አስረዳለሁ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ማስረዳት ከጀመርኩ ደግሞ ደወል ካልተደወለ አላቆምም። እሁድ እሁድ ሻማውን አውጥቼ ፈትጌ የማጥበው ራሴ ነኝ። ባለቤቴን ሰናይትን እንኳ አላስነካትም።

የአከራያችን የእትዬ ዘይነባ ነገር ሌላ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ባለቤታቸው ሀጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በሕይወት ሳሉ ለሰደቃ ያስቆፈሩት ጉድጓድ አለ። ቤቱ ቧንቧ የሌለው የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል፤ ማንም አይከለከልም። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ማንም የራሱን ባልዲ አያወርድም። የጉድጓዱ ባልዲ አንድ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ከግድግዳው ላይ ለብቻው ይሰቀላል። «ባልዲው መሬት አይንካ!» የሚለው የእትዬ ዘይነባ ድምፅ በቀን አሥር ጊዜ ይሰማል። እኔ በልቤ እስቅ ነበር። አራት ዓመት ግቢያቸው ስኖር ከዚያ ጉድጓድ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም።

ልጃችን ህሊና አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሆዷን እያመማት ተቸገርን። ተቅማጥ ይይዛታል፣ ይተዋታል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ሲመለስም ሁልጊዜ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው። ጉንጯ ጎደለ፤ ቀሚሷ ሰፋት። ሐኪሙ «የምትጠጣውን ውሃ አስመርምሩ» ሲለን እኔ ወዲያው ጥፋተኛውን አገኘሁት። ጉድጓዱ ነው! ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ጠጥታ ነው እንጂ ቤቷ ከምትጠጣው የተጣራ ውሃማ በሽታ ከየት ይመጣል?

የሥራ ባልደረባዬ ፈቃዱ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ውስጣቸው ትንሽ ዱቄት ያለባቸው ጠርሙሶች ሰጠኝ። ውሃ ትሞሉና ከድናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ቀን ታቆያላችሁ፤ ውሃው ዓይነ ምድር ነክቶት ከሆነ ይጠቁራል። አንዱን ከቧንቧ ሞላሁ። ሁለተኛውን ከማጣሪያዬ፣ እንዲያው ለክብር ያህል። ሦስተኛውን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ።

«ምን ልትሠራበት ነው መምህር?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«ልመረምረው ነው እትዬ። የህሊና ሕመም ከዚህ እንዳይሆን ብዬ...»

ፊታቸው ልውጥ አለ። «ያ አላህ! በሀጂ ሰደቃ ልጅ ታመመ?» በባልዲያቸው ቀድተው ጠርሙሴን ሞሉልኝ። ከዚያ የጉድጓዱን ክዳን ገጥመው በሰንሰለት ቆለፉት። ውጤቱን እንኳ አልጠበቁም። ጎረቤቶቻችን ጀሪካን ተሸክመው በደጃፌ እያለፉ ሩቅ ወዳለው ቦኖ መውረድ ጀመሩ፤ ሰላምታቸውም ቀዘቀዘ። እኔ ግን እውነት ዋጋ ያስከፍላል ብዬ አንገቴን አቀናሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠርሙሶቹን ከፍሪጁ አናት ላይ አወረድኩ። የቧንቧው እንዳለ ነው። የጉድጓዱም እንዳለ ነው። የማጣሪያዬ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

ክው አልኩ። ጠርሙሱን አገላበጥኩት፤ ጥቁር ነው። ለህሊና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ ይሰጣት አልኩና፣ ውጤቱን ማመን እንዳቃተው ተማሪ ድጋሚ ፈተና ጠየቅኩ። ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ሁለት ቀን። አሁንም ጠቆረ፤ እንዲያውም ፈጠን ብሎ። በእነዚያ ቀናት ጉድጓዱ እንደተቆለፈ ነበር፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህ ነው።

ፈቃዱ ቤት መጥቶ ማጣሪያውን ዞሮ ዞሮ አየው። «ሻማውን በምንድን ነው የምታጥበው?»

«በስፖንጅ። የበፊቱ ከተበጣጠሰ ሦስት ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ በተሰቀለው አረንጓዴ። ለብቻው ስለተቀመጠ ንጹሕ...»

ሰናይት ከጓዳ እየጮኸች ወጣች። «የቱ? አረንጓዴው? አንተ ሰውዬ፣ እሱ እኮ የህሊና ፖፖ ማጠቢያ ነው!»

ማጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ማለቱን ቀጥሏል። ሦስት ወር! እሁድ በመጣ ቁጥር፣ በገዛ እጄ፣ እያፏጨሁ! ፈቃዱ ባለፈው ሳምንት የጋበዝኩት ሁለት ብርጭቆ ትዝ አለው መሰለኝ እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። እኔ ፊት ድቅን ያለው ግን የልጄ ጉንጭ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚሏት ሴትዮ ከእኔ አጠገብ ብትቆም ጠንቃቃ ትባላለች።

እትዬ ዘይነባ ባልዲውን ለብቻው የሚሰቅሉት ምንም እንዳይነካው ነው። ሰናይት ስፖንጁን ለብቻው የሰቀለችው እሱ ምንም እንዳይነካ ነው። እኔ የተማርኩት ሰውዬ በባልዲው ስቄ ስፖንጁን አከበርኩ።

እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ስፖንጁንም ጭምር። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጉድጓዱ አልነበረም።

«ልጅቷስ?»

«ተሽሏታል እትዬ። የፈላ ውሃ መጠጣት ከጀመረች ወዲህ ደህና ናት።»

«አልሃምዱሊላህ።» በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ክዳኑን እኔ እከፍተዋለሁ። የሀጂን ጉድጓድ በሰው ያሳማኸው ግን አንተ ነህ፤ ለጎረቤት አንተው ንገር።»

ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ «ጉድጓዱ ንጹሕ ነው» ስል ደስ አላቸው። ዞር ልል ስል፣ «ታዲያ ልጅቷን ምን አሳመማት?» አሉኝ። ዘጠኝ ቤት ገባሁ፤ በዘጠኙም ይቺው ጥያቄ ጠበቀችኝ፤ ዘጠኝ ጊዜ ስለ ፖፖ አስረዳሁ። ማስረዳት እወዳለሁ ብያችሁ የለ? በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደወል ናፍቆኝ አያውቅም።

ስመለስ ጉድጓዱ ተከፍቷል፤ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። እትዬ ዘይነባ ባልዲውን አወጡና በብርጭቆ ቀድተው «ቢስሚላህ ብለህ ጠጣ» አሉኝ። ለካ ልማድ ክፉ ነው፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ ማድረግ ጀምሬ ነበር። ቀና ስል ሰልፈኛው ሁሉ እኔን ያያል።

ሁለቱንም ዓይኖቼን ጨፍኜ ጠጣሁት።